የበድሉ ወገብና የእህቱ አረንጓዴ ቀሚስ

ኅዳር 18 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጧት፣ የፍራሽ ሰፊው የበድሉ ሁኔታ እንዲህ ነበር። ወገቡን ቀዶ ሕክምና ከተደረገ አርባ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። የስፌቱ ጠባሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደርቋል፣ መግል የለውም፣ በእጅ ሲዳሰስ አይሞቅም። ትኩሳት የለውም። የቀኝ እግሩ ባት ዙሪያ በገዛ የሥራ ሜትሩ ሲለካ ሠላሳ አራት ሴንቲ ሜትር ነው፤ የግራው ሠላሳ አንድ ተኩል። ሌሊት የሚተኛው ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው። ሽንት ቤት አይሄድም፤ ፖፖ ይቀርብለታል። ከአልጋ ወርዶ በገዛ እግሩ የተራመደው እርምጃ ዜሮ ነው።

ይህን የምገለብጠው ከማስታወሻ ደብተሬ ነው። ስሜ ፍሰሐ ይባላል፤ በልደታ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ በዕለቱ ያልተጻፈ ነገር በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ሆኖ እንደሚገኝ ነው።

በድሉ ጎረቤቴም እኩያዬም ነው። በጌጃ ሰፈር ሃያ ሁለት ዓመት ፍራሽ ሰፍቷል። ጥጥ ይነድፋል፣ ይሞላል፣ በወስፌና በሲባጎ ይጠቀጥቃል፤ ያለቀውን ፍራሽ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይጠራ ብቻውን በራሱ ላይ ጭኖ እስከ ሰንጋ ተራ ያደርሳል። በነሐሴ ወር አንድ ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለና ግራ እግሩ ደነዘዘ። እየባሰ ሄዶ መስከረም 29 ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆስፒታል ያስገባው ታናሽ ወንድሙ ኃይለመለኮት ነው፤ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነበር። ታክሲው በር ላይ ቢያወርዳቸው አልጋ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶት ታላቁን አዝሎ ደረጃውን ወጣ።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ለእኔ በሰጠኝ ወረቀት ላይ «በሁለተኛው ሳምንት ይቁም፤ በአራተኛው ይራመድ» የሚል አለ። በሰባተኛው ሳምንት ዜሮ እርምጃ የሚል የሕክምና ካርድ ይዤ ስሄድበት የራጅ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ «ሥራው ንጹሕ ነው፤ ነርቩ ነፃ ወጥቷል» አለኝ። «ግን እስከ ሦስተኛው ወር ካልተራመደ እግሩ ይከሳል፣ ጀርባው ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ዋስ አልሆንም። አጥንቱን አይቼዋለሁ፤ ሰውየውን ግን የምታየው አንተ ነህ። ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሰማ አጣራ።»

ይህን ትእዛዝ በልቤ ይዤ ነበር በዚያ ሰኞ ወደ በድሉ ግቢ የገባሁት። በሩ ላይ አንዲት ነጭ ሹራብ የለበሰች ወጣት መንገዴን ዘጋችው።

«ጋሼ ፍሰሐ! መርፌ ሲወጉኝ እጅዎን የነከስኩዎት ልጅ ነኝ፤ ረሱኝ?»

«ጠባሳው እያለ እንዴት እረሳሻለሁ» አልኳት። የበድሉ የግቢ ጎረቤት የአቶ መሐሙድ ልጅ ሳዲያ ናት። ነርስ ሆና ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሰላ ተመድባ የምትሠራው አጥንት የታከሙ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነበር። ለአምስት ሳምንት ዕረፍት ገና ትናንት መግባቷ ነው።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ የበድሉ ታላቅ እህት እትዬ ድንቅነሽ ከሳዲያ እናት ክፍል ብቅ አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ አንድ ነው። አበባ ያለበት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው መቀነታቸውን እያጠበቁ ነበር። ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ነጠላ ተሰቅሏል። ሳዲያ አንዴ ሚስማሩን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየች።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ጥቁሩ የማን ነው? ሐዘን ላይ ነዎት እንዴ? ታዲያ ይህ አረንጓዴ...»

«ዝም በይ አንቺ!» ብለው እጇን ጎትተው ወደ ውስጥ አስገቧት። «ግድግዳው ስስ ነው።» እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሉ በተቀደደ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 2፣ ኃይለመለኮት አዋሽ አጠገብ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ። ልደታ ማርያም ተቀበረ። እትዬ ድንቅነሽ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ በድሉ እስኪነሳ ድረስ መርዶው እንዳይነገረው አስማሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከቤታቸው ጥቁር ለብሰው ይመጣሉ፤ እነ ሳዲያ ቤት ገብተው አረንጓዴውን ይለብሳሉ፤ ወንድማቸው ዘንድ ፈገግ ብለው ይገባሉ፤ ሲመለሱ እንደገና ጥቁሩን ለብሰው እያለቀሱ ይሄዳሉ። የአርባ ቀን ተዝካሩም በጎረቤት ሰፈር በድብቅ ወጥቷል።

እኔም ከማሉት አንዱ ነበርኩ፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። ካርዱ ላይ ስለ ወገቡ ሁሉን ስጽፍ ስለ ኃይለመለኮት አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ለሐኪሙም አልነገርኩትም። የሞት ወሬ የሕክምና ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር።

ሳዲያ ካለቀሰች በኋላ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ጋሼ በድሉስ ምን ይላሉ? ስለ ወንድማቸው አይጠይቁም?» አለች።

«በፊት በየቀኑ ይጠይቅ ነበር። አሰብ ሥራ በዝቶበት ነው አልነው። ኋላ በሳምንት አንዴ ሆነ። አሁንስ ተመስገን፣ ጭራሽ ተወው።»

«መተዋቸው ነው የሚያስፈራው» አለች።

«ምን ያስፈራል? ረሳው ማለት ነዋ! ደግሞ የወገብ በሽታ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ቢላዋ የገባው ወገቡ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ አይደለም። ይኸው ዶክተር ፍሰሐ ምስክሬ ነው።»

«ጤና ረዳት ነኝ፣ እትዬ።»

«ለመርፌው ያው ነህ።»

ሳዲያ ሳቀችና ተነሳች። «ገብቼ ሰላም ልበላቸው። ጋሼ ፍሰሐም ይምጡ፤ ዓይንዎን ግን ከእግራቸው እንዳይነቅሉ። እማማ! ያንን የሰንጋ ተራውን ፍራሽ እወስደዋለሁ!»

በድሉ በራሱ በሰፋው ፍራሽ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ካርዴን አወጣሁና እንደ ወትሮዬ ግራ እግሩን ሳላጥፍ ቀስ ብዬ ከአልጋው አነሣሁ። ከአልጋው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ጮኸ። ጻፍኩት። በዚህ መሃል ሳዲያ ከእናቷ ከእትዬ ዙሃራ ጋር አንድ ፍራሽ እየጎተተች ገባች።

«ጋሼ በድሉ፣ እንኳን አተረፈዎት! ቅሬታ ይዤ ነው የመጣሁት። እርስዎ ቢተኙ እናቴ ከሰንጋ ተራ ፍራሽ ገዛች፤ ሻጩ ‹ከጌጃ ሰፈሩ በድሉ ሥራ ይበልጣል› ብሎ ምሎላታል።»

«ማን? ያ ትናንት ዱቄት ይሸጥ የነበረው?» አለ በድሉ። «አምጪው እስቲ፣ አጠገቤ አድርጊው።»

ፍራሹን አልጋው ጫፍ ላይ ዘረጋችው። በድሉ በክንዱ ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ሁለት እግሮቹ ፊት ለፊቱ እንደተዘረጉ ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በጥፍሩ ፈለቀቀ። «ይሄ ሲባጎ ነው? ይሄ የጫማ ክር ነው! ጥጡስ? ያልተነደፈ! ግማሹ ቡትቶ! ዙሃራ፣ አንቺ ዓይንሽን ምን ጋረደው? በዚህ ላይ የተኛ ሰው በዓመቱ እንደ እኔ ነው የሚሆነው።» ጎንበስ ብሎ ጥጡን እየመዘዘ፣ ሻጩን ከነዘሩ እየሰደበ፣ በሰዓቴ አራት ደቂቃ ቆየ። ጣቶቹ ከጉልበቱ አልፈው ነበር።

የዚህን ትርጉም ለማያውቅ አንባቢ መግለጽ ይገባኛል። ሰው ተኝቶ ቀጥ ያለ እግሩ ሲነሳለት የሚሳበው ነርቭ፣ ቁጭ ብሎ እግሩን ዘርግቶ ሲያጎነብስም የሚሳበው ያው ነርቭ ነው። በድሉ ከአሥር ደቂቃ በፊት በአንድ ስንዝር የጮኸበትን ነገር፣ ልቡ ስፌቱ ላይ በዋለ ጊዜ አራት ደቂቃ ሙሉ ሳይጮህ አደረገው። እኔ ለሰባት ሳምንት እግሩን እየለካሁ ይህን አላየሁም ነበር።

በድሉም እንዴት እንደተቀመጠ ድንገት ታወቀው። ፊቱ ተለወጠ፤ «ወይኔ ወገቤ!» ብሎ ወደ ኋላው ወደቀ፤ ላብ በግንባሩ ችፍ አለ። እትዬ ዙሃራ ፍራሹን ይዘው ወጡ። ሳዲያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ያዘች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚፈሩት?»

«አንቺ ትናንት ነው የመጣሽው» አለ። «እነዚህ አልመከሩሽም። እውነቱን አንቺ ንገሪኝ። አልነሳም አይደል?»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም፤ እሱ ነዋ ነገሩ። ኃይሌ አዝሎ ያስገባኝ ሰው ነው። ነቅቼ ዓይኔን ስገልጥ አጠገቤ ነበር፤ በማግስቱ ‹ደርሼ መጣሁ› ብሎ ወጣ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አሰብ ነው ይሉኛል። አሰብ ደርሶ መልስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም? ለእሱ ዶክተሩ ነግሮታል። ‹ወንድምህ ከእንግዲህ አይቆምም› ብሎታል። ኃይሌ ደግሞ ዓይኑ መዋሸት አይችልም፤ ስለዚህ ሸሸኝ።» ትንፋሹን ሳበ። «እህቴን እያት። ያንን አረንጓዴ ቀሚስ ለመስቀል ብቻ ነበር የምታወጣው። አርባ ቀን ሙሉ በየቀኑ ለበሰችልኝ። ለምን? ደስ እንዲለኝ። እንዲህ የሚደረግለት ለማን ነው? ለሚሰናበት ሰው ነው። የሚጠይቀኝ ሁሉ ደጅ ላይ ተንሾካሹኮ ነው የሚገባው። ታዲያ ምን ብዬ ልነሳ? ያቺ የተሰፋችው ልትበጠስ? ቢያንስ ተኝቼ ልቆይ እንጂ።»

በሩ ላይ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ዞር ስል እትዬ ድንቅነሽ የአጃ ሾርባ በሳህን ይዘው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ሾርባው በአረንጓዴው ቀሚስ ላይ እየፈሰሰ ነው።

ወደ እነ ሳዲያ ቤት ስንመለስ ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ አሁን ግን የእትዬ ድንቅነሽ ድምፅ እንደ ጧቱ አልነበረም።

«እኔ ለእሱ ብዬ... ለእሱ ብዬ እኮ ነው ያንን ቀሚስ...»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች ሳዲያ። «ከፍቅር ነው ያደረጉት። ግን የእርስዎን ዝምታ እሳቸው በራሳቸው ወሬ ሞሉት። የሞሉበትም ወሬ ከእውነቱ የባሰ ነው፤ ወንድም ከዳኝ፣ ወገቤም ሞቷል የሚል።»

«እና አስመሳይ ነው ልትይኝ ነው? ቅድም ቁጭ አለ፣ ኋላ ጮኸ።»

«ይህ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ አይወጣምም። ሕመሙ እውነት ነው። ውሻ ድንገት ሲጮህብዎት ትከሻዎ የት ይደርሳል?»

«ጆሮዬ ሥር።»

«ጋሼ በድሉ ወገብ ላይ ሌት ተቀን ውሻ ይጮኻል። ሲፈሩ ጡንቻው ይቋጠራል፤ የተቋጠረ ጡንቻ ያማል፤ ሲያማቸው ‹ይኸው አጥንቴ› ብለው ይበልጥ ይፈራሉ፤ እንቅልፍ ያጣሉ፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ደግሞ የመርፌ ጫፍ ጦር ነው። አይነሱም፤ ስላልተነሱ እግራቸው ይከሳል፤ የከሳውን እግር አይተው ‹ያልኩት ደረሰ› ይላሉ። አሰላ እኔ ካስታመምኳቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን የተደረገላቸው ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። አንደኛው በአሥራ ስድስተኛው ቀን በዱላ ወጣ። ሁለተኛው ሚስቱ ወልዳ ሞተች ይሁን ዳነች ወሬ አጥቶ ስድስት ሳምንት ተኛ፤ ልጅ ታቅፋ በመጣች በሳምንቱ ወጣ። ቢላዋው ያው ነበር።»

እትዬ ድንቅነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ተናገሩ።

«አንቺ ያላየሽውን እኔ አይቻለሁ፣ ልጄ። አባታችን በሳምባ ምች ተኝቶ ሳለ የታላቅ ወንድማችንን ሞት ሽማግሌ መጥቶ አረዳው። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ውኃ ሳጠጣው ነው የነገሩት። ‹ሐዘን ወገብ ይቆርጣል› ሲባል አልሰማሽም? በተቆረጠ ወገብ ላይ ሌላ መቁረጫ ልጨምርበት?»

ሳዲያ አስቀድማ የእትዬ ድንቅነሽን እጅ ያዘች። ይህ ከንግግሯ ሁሉ ይልቅ ነርስነቷን አስከበረልኝ።

«በአባትዎ ጊዜ እኔም ብኖር አትንገሩ እል ነበር» አለች። «ትኩሳት የሚያቃጥለው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው መርዶ አይነገረውም። ጋሼ በድሉም በተቀደዱ ሰሞን ባለመነገራቸው አልወቅስም። ግን አሁን ሰባተኛ ሳምንት ነው። ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሐዘን ወገብ ይቆርጣል አሉ። ሐዘን ወገብ ድረስ የሚደርስ ከሆነ ፍርሃትስ አይደርስም? ጧት ‹ቢላዋው ጭንቅላቱ ላይ አልገባም› ብለውኝ ነበር። ሐሳብና ወገብ አይገናኙም ካሉ፣ መርዶው አይጎዳቸውም፤ ይንገሯቸው። ይገናኛሉ ካሉ ደግሞ፣ አሁን የተሸከሙት ሐሳብ እየጎዳቸው ነው፤ ይንገሯቸው።»

«ይቺን ልጅ ምን አስተማሯት!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «አንተስ? ለመርፌው ያው ነህ እንዳልኩህ ዝም ትላለህ?»

ካርዱን ገለጥኩ። «ትኩሳት የለም። ልቡን አዳምጫለሁ፤ ደህና ነው። ሳምባው ንጹሕ ነው። ቁስሉ ድኗል። የአባታችሁ ዓይነት ሕመም ከእሱ ዘንድ የለም። የግራ ባቱ ግን ባለፉት ሦስት ሳምንታት በአንድ ሴንቲ ሜትር ከስቷል። የቀረን ጊዜ ስድስት ሳምንት አይሞላም።»

«የሞተ እንደሆነ አንቺን ነው የምበላሽ» አሉ ለሳዲያ።

«ይብሉኝ። ከአሰላ ከስቼ ነው የመጣሁት፤ ብዙ አልጠቅምዎትም።»

እትዬ ድንቅነሽ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በግቢው ውስጥ ከልባቸው ሳቁ፤ ሳቁም ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ሽማግሌ እንላክ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። የምነግረውም እኔ ነኝ።»

ረቡዕ ኅዳር 20፣ ከጧቱ በአራት ሰዓት፣ ሳዲያና እኔ በድሉ አጠገብ ነበርን። እትዬ ድንቅነሽ በግቢው በር ገቡ፤ እነ ሳዲያ ቤት ጋ ሲደርሱ አልቆሙም። በጥቁር ቀሚሳቸው፣ በጥቁር ነጠላቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ ወንድማቸው ክፍል ገቡ።

በድሉ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው።

«ማን?» አለ።

«ኃይሌ።»

«መቼ?»

«አንተ በተቀደድክ በሦስተኛው ቀን። አዋሽ ላይ። ያን ዕለት ወደ አንተ ለመመለስ እየተጣደፈ ነበር አሉ።»

«አልሸሸኝም ማለት ነው» አለ በድሉ ቀስ ብሎ።

«ኃይሌ? አንተን? ሞት ካልያዘው ምን ያስቀረዋል፣ ወንድሜ!»

በድሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ጮኸ። በሰባት ሳምንት ውስጥ ከሰማሁት የሕመም ጩኸት ይህ አንዱንም አይመስልም። እትዬ ድንቅነሽ አንገቱን አቀፉት። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ግቢውን ሲሞላ፣ በድሉ እጁን ዘረጋልኝ።

«አንሡኝ» አለ። «ለወንድሜ ተኝቼ አላለቅስም።»

ሳዲያ እንዳስተማረችን በጎኑ አዞርነው፤ እግሩን አወረድን፤ በክንዱ ገፍቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ደራሹን እንደ ሐዘንተኛ ደንብ ተቀምጦ ተቀበለ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ደክሞት እንጂ ጮኾ አልተኛም።

ነገሩ በዚያው ቀን ተቃና ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። የመጀመሪያውን ሌሊት ምንም አልተኛም። ሐሙስ እህል አልቀመሰም። ዓርብ ጧት እትዬ ድንቅነሽ በር ላይ ያዙኝና «ይኸው! ይኸው የናንተ ትምህርት!» አሉኝ። ሳዲያ ግን ከአልጋው አጠገብ አልራቀችም። ሾርባ ይዛ ትቀመጣለች፤ ስለ ኃይለመለኮት ልጅነት ትጠይቀዋለች፤ ሲያለቅስ አታስቆመውም። «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ሁሉ በዓይኗ ታስወጣዋለች። ዓርብ ሌሊት አምስት ሰዓት ተኛ። ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ተኩል።

እሑድ ጧት ስመጣ ነቅቶ ይጠብቀኝ ነበር።

«ፍሰሐ፣ ዶክተሩ ያለህን እንደገና ንገረኝ። አንዲት ቃል ሳትቀንስ።»

ነገርኩት። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ፣ ስፌቱ እንደላላ ፍራሽ ጥጡን አውጥቶ ነርቩን ተጭኖት እንደነበር፤ የወጣው እንደተቆረጠ፤ ነርቩ ነፃ እንደሆነ፤ በመራመድ የሚበጠስ አንዳች ነገር እንደሌለ፤ ካልተራመደ ግን ምን እንደሚሆን።

«ይህን ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ ነግረኸኛል።»

«አሥራ አንድ። ጽፌዋለሁ።»

«ያን ጊዜ ሁላችሁም የምትዋሹ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ትዋሹ ነበር።» ወደ እህቱ ዞረ። «እቴቴ፣ አሁን የምትደብቁኝ የቀረ ነገር አለ?»

«ማርያምን! አንዳች አልቀረም።»

«እንግዲያው አቁሙኝ።»

ኅዳር 24 ቀን በድሉ አልጋውን ይዞ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቆመ፤ አራት እርምጃም ተራመደ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አመመው፤ ግን «አመመኝ» አለ እንጂ «ተበጠሰ» አላለም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ያቺ የሰባት ሳምንት አልጋ ናት።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ድንቅነሽ የበሩ ዘበኛ ሆኑ። ጠያቂ ሁሉ ከበሽተኛው ዙሪያ ተኮልኩሎ የሚተክዝበት ልማድ በትእዛዛቸው ተሻረ። ሕጉ አንድ ነበር፤ የመጣ ሰው ሁሉ በድሉን ደግፎ እስከ ግቢው በር አድርሶ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሸማኔው አቶ ኩማ ገና ከመግባታቸው፣ «እኔ የማውቀው አንድ ሰው ወገቡን ተቀዶ...» ብለው ሲጀምሩ እትዬ ድንቅነሽ ብድግ አሉ።

«ያ ሰው ተነሳ?»

«ኧረ አልተነሳም፣ እኔ ልል የነበረው...»

«እንግዲያው እሱን ከዱላህ ጋር ደጅ አስቀምጠውና ግባ። ስትወጣ ይዘኸው ትሄዳለህ።»

በድሉ እስኪያስለው ሳቀ። አቶ ኩማም ሳቁና ሁለት ዙር አዞሩት።

ቀኑንና ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጣለሁ። ኅዳር 28፣ ሠላሳ ሁለት እርምጃ፤ ፖፖው በዚያ ቀን ከክፍሉ ወጣ። ታኅሣሥ 3፣ መቶ አሥር። ታኅሣሥ 6 ዝናብ ጥሎ ግቢው ስለጨቀየ ስልሳ ብቻ፤ ወደ ማታም ወገቡን ስላመመው ፍርሃቱ ጥቂት ተመልሶ ነበር። ሳዲያ «ትናንት የሠራ ጡንቻ ዛሬ ያማል፤ ፍራሽ የነደፉ ዕለት ክንድዎን አያምዎትም?» አለችው፤ «ያመኛል፤ ግን ክንዴ ተቆረጠ ብዬ አላውቅም» አለና በማግስቱ ወጣ። ታኅሣሥ 12፣ አራት መቶ። የግራ ባቱ ዙሪያ ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሆነ።

በታኅሣሥ 14 እኔና እሱ በታክሲ ወደ ሐኪሙ ሄድን። በድሉ ከታክሲው ወርዶ ወንድሙ አዝሎት የወጣውን ደረጃ በገዛ እግሩ ወጣ። አሥራ አራት ደረጃ ነው። መጨረሻው ላይ ቆሞ ዓይኑን ጠረገ፤ እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ። ሐኪሙ ካርዴን አንብቦ፣ «ምን መድኃኒት ጨመርክለት?» አለኝ። «መርዶ» አልኩት። ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ ኃይለመለኮት መሞቱን በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእጁ ጻፈውና፣ «ይህ ከመጀመሪያው ቀን እዚህ መጻፍ ነበረበት» አለ። ወቀሳው ይገባኝ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምትወስደው ቢኖር ይህን ውሰድ። ወገቡን የታከመ ሰው ሲተኛብህ በመጀመሪያ ቁስሉ ይታይ፣ ትኩሳቱ ይለካ፣ እግሩ ይዳሰስ፤ ሁሉ ሕመም ከፍርሃት አይመጣምና። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሰውየው ካልተነሳ፣ ምን እንደሚፈራ ጠይቀው፤ እንቅልፉንም እንደ ትኩሳቱ ጻፈው። ሐኪም አጥንቱን ይጠግናል፤ የሚነሳው ግን ሰውየው ነው፤ ልቡ የተኛ ሰው ደግሞ እግሩ አይነሳም። ከፍቅር የተነሣ የሚደበቅ ነገር፣ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ሽታው አይጠፋም፤ በሽተኛውም ሽታውን ይዞ የራሱን ሞት ይጋግርበታል።

እትዬ ድንቅነሽ ይህን ከእኔ አሳጥረው ይናገሩታል። በእድራቸው ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ «እናንተ ሴቶች፣ እኔ ወንድሜን ላተርፍ ብዬ በአረንጓዴ ቀሚስ ልገድለው ነበር። በሽተኛ ሲደክም ጠብቁት፤ ሲበረታ ግን እውነቱን አትከልክሉት። ጠያቂ ስትሆኑም አጽናኑ እንጂ አታስፈራሩ። የማያምነኝ ካለ ይምጣና ከበድሉ ጋር ይሽቀዳደም!»

ታኅሣሥ 21፣ ቅዳሜ፣ የኃይለመለኮት ሰማንያ ነበር። በድሉ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ዱላ ሳይዝ፣ በግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሳዲያ በማግስቱ ወደ አሰላ ስለምትመለስ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ልትሸኘው መጥታ ነበር። እትዬ ድንቅነሽ በቀኙ፣ እኔ ሰዓቴን ይዤ በግራው ሆነን ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ማርያም አቀናን። በመንገዱ ላይ የሚያውቁት ባለሱቆች ሁሉ በየበራቸው ወጡ፤ አንዱ ከውስጥ «በድሉ ፍራሼን መቼ ትጨርስልኛለህ?» ብሎ ሲጮህ፣ በድሉ ሳይቆም «ከጥምቀት በኋላ፤ ቡትቶህን አዘጋጅ!» አለው።

ወንድሙ መቃብር ጋ ሲደርስ ተንበረከከ፤ ማንም ሳይደግፈው ተነሣ። ከግቢው በር እስከ መቃብሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀብን። በመንገድ ላይ ያረፍነው አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ደቂቃ ነው፤ እሱም እትዬ ድንቅነሽ ደክሟቸው።